ለዘር የማይሆን ባቄላ

አጎቴ የባቄላ ዘር ይዞላቸው የመጣን ሰው ሁሉ፣ ገና ሳያመሰግኑት «ሥሩን አይተኸዋል?» ይሉት ነበር። ዘሩማ ምን ጊዜም ያማረ ነው ይላሉ።

ባለፈው ሰመር፣ በምንኖርበት በሰው አገር፣ ሃርልስደን ባለችው አሎትመንታቸው፣ ከሰፈሩ አስተዳደር ከካውንስሉ በተከራዩዋት ቁራሽ መሬት ላይ፣ ባቄላው ቢጫ ሆኖ ጠወለገ። ሲነቅሉት ሥሩን ፈንገስ አጥቁሮ አበስብሶታል። ከተረፉት ጥቂቶች የለቀሙት ፍሬ ግን ጤነኛ ይመስላል። አንዲት የአገር ልጅ፣ ጎረቤታቸው፣ ለዘር እንዲሰጧት ለመነቻቸው።

«በሽታው በዘር ይሂድ፣ በአፈር ይሂድ አላውቅም። የማላውቀውን ነገር ሰው መሬት ላይ አልጥልም» አሏት። ከባቄላው ቀቀሉና ንፍሮውን በሳህን ሰጧት። የቀረውን ለራሳቸው በጠርሙስ አስቀመጡት።

እሳቸው ሲሞቱ ያቺው ጎረቤት ለቅሶ ቤት መጥታ፣ «ልጄ፣ ለመታሰቢያቸው የምዘራው አንድ እፍኝ ስጠኝ» አለችኝ። ማልቀስ የነበረብኝ ያኔ ይመስለኛል፤ እንባ ግን አልመጣልኝም። ኩሽና ገብቼ ጠርሙሱን እንዳለ ድስት ውስጥ ገለበጥኩት፣ ውሃ ሞልቼም ጣድኩት።

ሲበስል ንፍሮውን ለለቀስተኛው አዞርኩ። እሷም እፍኟን ተቀብላ በላች።

ዘንድሮ መሬታቸው ጦሙን አድሯል።