የሮቃው ቀይ ቀለም

ድሬ ላይ ሰማይ ማየት ምንም አይጠቅምም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ ውሃ ከተራራ ወርዶ ሰው ይወስዳል። እኛ የምናየው ተራሮቹን ነው። እነሱ ከጠቆሩ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ልጅ አይጫወትም፣ ዕቃ አይዘረጋም። ይህን የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። እኔም አውቅ ነበር፤ የምናገረው እያወቅኩ ያጠፋሁትን ነው።

ያኔ ዘይቱን የሚባለውን ፍሬ በቅርጫት ይዤ እየሸጥኩ እዞር ነበር። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ጠዋት መጋላ፣ ከሰዓት ከወንዙ ማዶ ከዚራ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን የትኛው በር በኦሮምኛ፣ የትኛው በሶማሊኛ እንደሚከፈት አውቃለሁ። ባለቤቴ ባቡር ላይ ስለሚሠራ አብዛኛውን ጊዜ የለም። የሁለት ዓመት ልጄን የምተዋት ጎረቤታችን ለነበሩት ሶማሌ አሮጊት ነው። ኤዶ እላቸው ነበር፤ አክስቴ እንደማለት። ቤታችን መጋላ በኩል፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነበር።

አንድ በጋ ከአዲስ አበባ ባርኔጣ ያደረገ፣ ደብተር የያዘ ሰው መጣ። ጎርፍ ሊያጠና ነው ተባለ።

«ጎርፍም ይጠናል እንዴ?» አለች የሰፈራችን ጨው ነጋዴ። «አቦ፣ ለምን እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ አይጠብቀውም? ሲመጣ ራሱን ይጠይቀው።»

ሳቅን። ሰውየው ግን ቁም ነገረኛ ነበር። ያለፈው ትልቅ ጎርፍ የት ድረስ እንደወጣ ከየቤቱ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ያለውን ቦታ ቀይ ቀለም ይቀባል። ከወንዙ ራስጌ ዘበኛ ይቀመጣል፤ ውሃ ሲመጣ ካየ የተንጠለጠለ ቁራጭ ሐዲድ ይደበድባል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ቀዩ ቀለም ይሸሻል። አስተርጓሚ ሲፈልግ እኔን ጠቆሙት።

«እህቴ፣ ያሉትን ብቻ ንገሪኝ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

«እሺ ጌታው» አልኩት።

በዚያው ሰሞን ወሬ ተነሳ፤ ከቀለሙ በታች ያለ ቤት ሁሉ ይፈርሳል የሚል። ማን እንዳመጣው አላውቅም። ከሰውየው አፍ አልሰማሁም፤ አልጠየቅኩትምም። ያለፈው ጎርፍ በየግድግዳችን ላይ ደረት የሚደርስ ቡናማ መስመር ትቶ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ኖራ ተቀባ። በዓል የለ፣ ሠርግ የለ፣ ቤቱ ሁሉ ነጭ ሆነ። ሰውየው ዞር ዞር ብሎ አየና «ንጹሕ ሰፈር ነው» አለ። የት ድረስ ደረሰ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሁሉም በአንድ አፍ «እስከ ደጃፉ ድንጋይ» አሉት። እኔም እንዳሉት ነገርኩት።

የኤዶ ቤት ከጎርፉ በኋላ እንደ አዲስ የተሠራ ስለነበር መስመር አልነበረውም። ምስክሩ አፋቸው ብቻ ነው። በዱላቸው በቤቶቻችን መደዳ ወደቆመው ሮቃ ዛፍ እያመለከቱ በሶማሊኛ ተናገሩ፤ «ውሃው ያንን ዛፍ አልፎ ነው የሄደው። እኔና እህቴ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠለጠልን። እህቴን ወሰዳት።»

ሰውየው ዱላውን በዓይኑ ተከተለ። «ሮቃው ድረስ መጣ ነው የሚሉት?»

ልጄ ከኤዶ እግር ሥር ተቀምጣ በአሸዋ ትጫወት ነበር። ቤቴን አየሁት።

«የለም ጌታው። ሮቃው ጋ ሲደርሱ ዳኑ ነው የሚሉት።»

ጻፈው። እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ውሸቴ በጽሑፍ ምን እንደሚመስል ግን ማንበብ አልችልም። በማግስቱ የሮቃው ግንድ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ።

ኤዶ የገበያ አማርኛ እንደሚያውቁ ዘንግቼ ነበር። ሰውየው ሲሄድ ልጄን አንስተው አቀፉና «ዳኑ ያልሽውን ቃል አውቀዋለሁ» አሉኝ። «እህቴ አልዳነችም።» ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ፍርሃቱ አብሮ ገባ። ሌላው ሰው ሐዲዱ ስለተሰቀለለት ከወትሮው ይልቅ ተዝናንቷል። እኔ በዞርኩበት ሁሉ አንገቴን ወደ ተራራው አዙሬ ነበር የምሄደው። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ስሰማ ቅርጫቴን አውርጄ አደምጣለሁ። አንድ ቀን ቆርጬ ከዚራ፣ ሰውየው ወደነበረበት ቢሮ ሄድኩ።

«ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል» አለኝ ጸሐፊው። «ለምን ፈለግሽው?»

አፌ ላይ ነበር። «ዘይቱን ይወድ ስለነበር ነው» አልኩና ወጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከዚራ በር ለበር እያልኩ ሳለሁ ሐዲዱ ተመታ። ፀሐይ ነበር። ተራራው ግን ጥላሸት መስሏል። ቅርጫቴን ጥዬ ሮጥኩ። አፋፉ ላይ ስደርስ ውሃው ቀድሞኛል፤ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ፣ እንደ ባቡር እየጮኸ። ማዶ ሰፈራችን ሁሉ እንደተነገረው ወደ ሮቃው ሲሮጥ ይታየኛል። «አይደለም! ወደ ላይ!» እያልኩ ጮኽኩ። የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማሁትም። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን፣ ቀጥሎ ወገባቸውን ያዘ። ልጅ ያላቸው ልጆቻቸውን ቅርንጫፍ ላይ ያስቀምጣሉ። የኤዶን ቀይ ሻሽ ፈለግኩ። ሻሹም የለም፣ ልጄም የለችም። ቤታችንና የኤዶ ቤት እንደ ስኳር ሲሟሙ አየሁ፤ እነሱ ውስጡ ነበሩ ብዬ አሰብኩ።

ውሃው እስኪጎድል እዚያው ቆሜያለሁ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ጉልበት ላይ ሲደርስ ሰው እየጎተተኝ ተሻገርኩ። ሮቃው ሥር ያሉት እየተንቀጠቀጡ ነበር። ልጄን አይታችኋል ብዬ ስጠይቅ፣ አንዷ በእጇ ወደ ዳገቱ አመለከተችኝ። ኤዶ እዚያ ካለው የመቃብር ቦታ በላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ ጭናቸው ላይ ተኝታለች።

«ሐዲዱ ሲመታ ሁሉንም ጠራኋቸው» አሉኝ። «ቀለሙ እዚህ ነው፣ መንግሥት ነው የቀባው ብለው አልሰሙኝም።»

ጨው ነጋዴዋን ከሦስት ቀን በኋላ ከታች፣ አሸዋ ውስጥ አገኟት።

ሰውየው ደብተሩን ይዞ ተመለሰ። ፊቱ ጠቁሯል። ኤዶ ያንኑ ቃል ደገሙለት፤ እኔም አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

«ያኔስ ምን ነበር ያሉት?» አለኝ።

«ያኔም ይህንኑ ነው ያሉት። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቤታችን እንዳይፈርስ ብዬ ነው።»

«ይፈርሳል ያለው ማን ነው?» አለኝ። «እኔ የፈለግኩት የምትሸሹበትን ቦታ ብቻ ነበር።»

ደብተሩ ላይ የድሮውን ሰረዘው። ከዚያ ቀለሙን ይዞ፣ ኤዶ ከፊት ከፊት እየመሩት፣ ወደ መቃብሩ ዳገት ወጡ። እኔን ማንም ነይ አላለኝም፤ ቅርጫት ሳልይዝ ከኋላ ተከተልኳቸው።

አሁን አርጅቻለሁ፤ መዞሩን ግን አልተውኩም። ሰዎች ጥላ ፍለጋ ሮቃው ሥር ቁጭ ሲሉ አያለሁ። «እማማ፣ ከፀሐይ ገለል ይበሉ እንጂ» ይሉኛል። ቀለሙ ለቅቋል፤ ልጣጩ ብቻ ነው የሚታየው። አመሰግናለሁ እልና ፀሐዩ ላይ እንደቆምኩ ተራራውን አያለሁ።