የኔታና የሩቆቹ ጨረቃዎች

የጂኦግራፊ መምህርት ሆኜ ደብረ ማርቆስ ስመደብ በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረም። ዘመኑ የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። አንዲት ባልደረባዬ ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለ ሰፈር ወሰደችኝና አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ። አከራዮቼ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው የኔታ ስለሚሏቸው እኔም ብዙ ሳልቆይ የኔታ ማለት ጀመርሁ። ሚስታቸውን እማማ እላቸው ነበር። ልጆቻቸው አድገው ባሕር ዳር ገብተዋል። ግቢው ውስጥ የቀረነው ሦስታችን፣ አንዲት ላምና ጥቂት ዶሮዎች ነበርን።

የኔታ የሚያስተምሩት ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ጾምና በዓል በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚወጣበት ሒሳብ። ፋሲካ ጨረቃን ተከትሎ ስለሚመጣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጨረቃን ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀና ብለው ሳያዩ ዛሬ ጨረቃ ስንተኛ ቀኗ እንደሆነ ይናገራሉ። እኔ ደግሞ አዲስ መምህር ነኝ፤ ክፍል ገብቼ እንዳልደናገር የነገውን ትምህርት ማታ ማታ ጮክ ብዬ እለማመዳለሁ። በእኔና በእነሱ ክፍል መካከል ያለው የጭቃ ግድግዳ ሳል እንኳ ያሳልፋል።

አንድ ቀን ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የኔታ ከበራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ማታ ማርስ ሁለት ጨረቃ አላት ስትዪ ሰማሁ። ጆሮዬ ነው ወይስ እንዲያ ብለሻል?»

ደነገጥሁ። የሃይማኖት ነገር መስሎኝ «ብያለሁ የኔታ፤ መጽሐፉ እንዲያ ነው የሚለው» አልሁ።

«ሁለት?»

«ሁለት። ጁፒተርማ ብዙ አላት። ሳተርንም እንደዚያው።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። ከዚያ ፍጹም በቁም ነገር፣ «ታዲያ እዚያ ፋሲካ መቼ ሊውል ነው?» አሉኝ።

እማማ ላሟን እያለቡ ነበር። ሳቃቸው ወተቱን ሊያስደፋቸው ምንም አልቀረው። «ኧረ እዚያ ማን አለና ነው የሚጾመው?»

«ሰው ባይኖርም ቀኑ አለ» አሉ የኔታ። «ቀን ካለ ይቆጠራል።»

ወዳጅነታችን እንዲህ ተጀመረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጃፋቸው ካለው መደብ ላይ እንቀመጣለን። እማማ የተቆላ ባቄላ በሰፌድ ያቀርቡልናል። እኔ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስሁትን ትልቅ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ጉልበቴ ላይ እዘረጋለሁ፤ የኔታ ወደ ፊታቸው በጣም ያስጠጉትና አንገታቸውን ግራና ቀኝ እያዞሩ ያዩታል። የጁፒተር አንዷ ጨረቃ እሳት የምትተፋ፣ ሌላዋ ገላዋ በሙሉ በረዶ፤ የሳተርን ትልቋ ጭጋግ የለበሰች። የኔታ ጁፒተርን መሽተሪ፣ ሳተርንን ዙሐል ነው የሚሏቸው፤ ከመምህራቸው የሰሙት ስም ነው። የኔፕቱን ትልቋ ጨረቃ ከሌሎቹ ትልልቅ ጨረቃዎች ተለይታ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደምትዞር ስነግራቸው እማማ ከጓዳ ሆነው፣ «እሷስ እንደ እርስዎ ናት፤ ነይ ሲሏት የምትሄድ!» ብለው አሳቁን።

የማርሱ ነገር ግን ለየኔታ ቀልድ አልነበረም። ከሁለቱ ጨረቃዎች አንዷን ሯጯ፣ ሌላዋን ዘገምተኛዋ ብለው ሰየሟቸው። ሯጯ ማርስን በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ትዞራታለች። «እንግዲያስ ጠዋት የተወለደች ጨረቃ ለምሳ አርጅታ ትሞታለች ማለት ነው» አሉና ራሳቸውን ያዙ። ዘገምተኛዋ ደግሞ አንዴ ከወጣች ከሁለት ቀን በላይ ሳትጠልቅ ትቆያለች። የትኛዋን ይዘን እንቁጠር? በዚህ ስንት ምሽት ተከራከርን! አንድ ጊዜ እኔ ራሴ አሳስቻቸው ነበር። ሯጯ በቀን ሦስት ጊዜ ትወጣለች ብያቸው ብዙ ከደከሙ በኋላ፣ ማርስ ራሷ ከሥሯ ስለምትዞር ለሚያያት ሰው የምትወጣው ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ያውም በምዕራብ ወጥታ በምሥራቅ እንደምትጠልቅ አነበብሁ። እያፈርሁ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። «በይ እንግዲህ፣ እንደገና» አሉና ከዜሮ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ልብ ያላልኋቸው ነገሮች ነበሩ። የኔታ ከመደቡ ሲነሡ የደጃፉን ደረጃ በእግራቸው ዳሰስ ያደርጉ ነበር። ከጎናቸው ያለውን ሰፌድ ስተው በእጃቸው ይፈልጉታል። እርጅና ነው አልሁ። እማማም እርጅና ነው ብለው ነበር፤ ኋላ እንደነገሩኝ።

በሁለተኛው ዓመት በደን ሥራ ላይ ያለ አንድ የትምህርት ቤታችን ወላጅ የሩቅ ማያ መነጽር ለሳምንት አዋሰኝ። ጁፒተር መሸት ሲል በምሥራቅ ደምቃ የምትታይበት ወቅት ነበር። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለየኔታ ጠዋት ነገርኋቸው፤ «ዛሬ በዓይንዎ ያዩዋቸዋል። አራቱ ትልልቆቹ በዚህ መነጽር ይታያሉ። አራት ነጥብ ናቸው፣ ከጎኗ ተሰልፈው።»

ቀኑን በሙሉ እንደ ዓመት በዓል ሲጠብቁት ዋሉ። እማማ «ተማሪዎቹን እንኳ በጊዜ ነው ያሰናበቷቸው» አሉኝ።

ማታ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚነፍሰው ብርድ ከባድ ነበር፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ መነጽሩን የባሕር ዛፉ አጥር ላይ አስደግፌ መጀመሪያ እኔ አየሁ። ሦስት ነበሩ። በአንድ ወገን ሁለት፣ በሌላው አንድ። አራተኛዋ በዚያ ምሽት ከጁፒተር ጀርባ ገብታለች ወይም ከፊቷ ቆማ ብርሃኗ ውጧታል። ይህን በኋላ አስረዳለሁ ብዬ ምንም ሳልናገር እማማን ጠራኋቸው። እማማ ብዙ ከታገሉ በኋላ፣ «ውይ! የጤፍ ፍሬ የመሰሉ!» ብለው ጮኹና እጄን ያዙኝ። «ሦስት ናቸው አይደል?» አሉ በጆሮዬ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ የኔታ ቀረቡ። ቆባቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ብዙ ቆዩ። እኔ ወዴት እንደሚያዞሩት እጃቸውን ይዤ አቀናሁላቸው። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ ዝቅ አደረጉትና ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ፈገግ አሉ።

«አየኋቸው ልጄ። አራቱንም አየኋቸው። እግዚአብሔር ይመስገን።»

እማማ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና የባላቸውን ክንድ ይዘው፣ «ብርድ ነው፣ እንግባ» አሉ። የኔታ እየተመሩ ገቡ። እኔ መነጽሩን ታቅፌ እዚያው አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ እማማ ክፍሌ መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ጎረቤት ሲያልፍ ሰላም የሚሉት በድምፁ ለይተው ነው። ይኸን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ግን አላሰብሁትም» አሉና አለቀሱ። እንደ ምንም አግባብተን ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ በዚያ ሳምንት ከሌላ ከተማ የመጣ የዓይን ሐኪም ነበር። እኛ ተስፋ ያደረግነው የዓይን ሞራ እንዲሆን ነው፤ ሞራ ይገፈፋል። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ መርምሮ ሲጨርስ ወንበሩን ወደ የኔታ አስጠጋ።

«አባቴ፣ ሞራ ቢሆን ጥሩ ነበር። ይህ የዓይን ግፊት ነው። የሄደው አይመለስም። በየቀኑ የሚጨመር ጠብታ እሰጥዎታለሁ፤ ግን የቀረው ትንሽ ነው።»

«አምና ብመጣስ ኖሮ?» አሉ የኔታ።

ሐኪሙ ወደ እኛ አየ። «አምና ቢሆን ብዙውን ማትረፍ ይቻል ነበር።»

ወደ ቤት ስንመለስ እማማ ቀደም ቀደም ብለው ይሄዳሉ፤ የኔታ የእኔን ትከሻ ይዘዋል። ከገበያው አጠገብ ስንደርስ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ አትዘኚ። የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን የኔታ? ዓይነ ስውር መምህር በየደብሩ ሞልቶ የለም? ማን ይንቅዎታል?»

«በእሱስ አላፈርሁም። ባሕረ ሐሳብ በዓይን አይደለም የሚቆጠር።» አሉ። «ሥዕሉን ማምጣት ታቆማለች ብዬ ነው። ስታመጪው ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ መካከሉን አየው ነበር፤ ኋላ ቀለሙን፤ ኋላ አንቺ ስትናገሪ ብቻ።»

እዚያው ገበያ መካከል የጫማ ሻጩ ሬዲዮ እየጮኸ፣ እኔ እያለቀስሁ፣ እሳቸው ትከሻዬን እያሻሹ ቆየን። ሥዕሉን ያለ ዓይንም አመጣልዎት ነበር ማለት ፈለግሁ። በዚያ ሰዓት እንዲያ ያለው ነገር ምን ይጠቅማል?

ከዚያ በኋላ በርግጥ እየመጣሁ እነግራቸው ነበር። የሥዕሉን ቀለም፣ ጠባሳውን፣ ጉድጓዱን በቃል እየዘረዘርሁ። የኔታ ጨዋ ሰው ናቸው፤ «እሺ ልጄ፣ ንገሪኝ» ይላሉ፤ እስክጨርስም ያዳምጣሉ። ግን አይጠይቁም። ከሐኪም ቤት ከተመለስን ጀምሮ ስለ ማርስ አንድ ቀን አንሥተው አያውቁም። የምድራችንን ጨረቃ ለተማሪዎቻቸው እንደ ወትሮው ይቆጥራሉ፤ ድምፃቸውም እንደ ወትሮው ነው። የሩቆቹ ግን ተዘጉ። ሯጯንና ዘገምተኛዋን እኔ ባነሣቸው፣ «እሱ ይቆየን» ይሉኛል። በየትኛዋ እንደሚቆጠር ሳይወሰን ቀረ። እኔም ቀስ በቀስ መጽሐፉን ይዤ መምጣቱን ፈራሁት፤ ያጡትን የማስታውሳቸው መሰለኝ።

ትዳር ይዤ ወደ ደጀን ስዛወር የኔታ ሙሉ በሙሉ አያዩም ነበር። የከባድ መኪናው ጩኸት ሌሊት ከቀን በማያስተኛው በዚያ ከተማ ልጆች ወለድሁ፣ ሥራ በዛብኝ። ሆኖም ማርቆስ ለስብሰባ በመጣሁ ቁጥር ሳልጠይቃቸው አልመለስም። አንድ ክረምት ፕሉቶ ከፕላኔትነት ተሰርዛ ድንክ ፕላኔት ተባለች የሚል ዜና በሬዲዮ ተነገረ። መስከረም ላይ ስሄድ ወሬ እንዳይጠፋን ያህል ነገርኋቸው።

የኔታ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ጨረቃዎቿንስ ወሰዱባት?»

ከስንት ዓመት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ነበር። «አልወሰዱም። ያው አሉ።»

«እንግዲያስ ምን ጎደለባት? ከሹመት ነው የተሻረች እንጂ ቤተሰቧ አለ።»

እማማ ሳቁ። እኔም ቸኮልሁ፤ ያወቅሁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመናገር። ፕሉቶና ትልቋ ጨረቃዋ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ተያይተው እንደሚዞሩ፣ በአንደኛው ወገን ያለ ሰው ጨረቃዋን ከሰማዩ ላይ ስትጠፋ እንደማያይ፣ በሌላኛው ወገን ያለ ግን ዕድሜውን በሙሉ አንድ ቀን እንኳ እንደማያያት ነገርኋቸው።

የኔታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አሰቡ። «ያ የማያያት፣ ከወዲያ የመጣ ሰው አለች ብሎ ቢነግረው ያምን ይሆን?»

«እርስዎ አላመኑኝም እንዴ?» አልሁ ሳላስበው።

«አምኛለሁ እንጂ» አሉ። «አሁንም።»

ያን ቀን እስኪመሽ ተጫወትን። አውቶቡሴ አመለጠኝና እዚያው አደርሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ብዙ ይዤ እመጣለሁ፣ የማርሱንም እንጨርሰዋለን ብዬ ነበር። እሳቸውም «ነይ፣ እንጨርሰዋለን» አሉኝ። ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተገናኘነው፤ አንዴ ዘመድ ሞቶባቸው ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበር፣ አንዴ እሳቸው ታመው ነበር። ሐምሌ ላይ አረፉ። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት ከቀብሩ ሳልደርስ ቀረሁ፤ የደረስሁት ለሠልስት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት መንኰራኩር ፕሉቶ አጠገብ ደርሳ ያነሣችው ፎቶ በየስልኩ ተሰራጨ። ልጄ ነች ያሳየችኝ። ፕሉቶ ቡናማ ናት፣ በአንድ ወገን ነጭ ሜዳ አላት። ጨረቃዋ አመድማ፣ አናቷ ላይ ቀይ ነገር የነካት። ብዙ አየሁት። ስሠራ ውዬ ማታ ደግሞ አየሁት።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የኔታ ይህን ብነግራቸው ምን ይጠይቁኝ እንደነበር ማሰብ ነው። ቀይ የሆነው ለምንድን ነው ይሉ ይሆን? እዚያ ሜዳ ላይ ምን ይበቅላል? ወይስ ስለ ጾም? አንድ በአንድ እያነሣሁ ጣልኋቸው። ሁሉም የእኔ ጥያቄዎች ነበሩ። የእሳቸው ሌላ ይሆን ነበር፤ እኔ ብዙ ዓመት አስተምሬም ያልደረስሁበት፣ ሲሰሙት ግን ወዲያው ትክክል የሚመስል። ልጄ «እማ፣ ስልኬን» እስክትለኝ ድረስ ፎቶውን ይዤ ተቀምጬ ነበር።