ለቆላ የተላከው ወፍራም ኮት

ካቻምና ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለው የሐበሻ ምግብ ቤት አዳራሽ፣ በሰው ፊት ያዋረደችኝ የሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር ናት። ስሟን አልጠራም፤ ራሷን ታውቃለች።

ማኅበሩ በየዓመቱ ያገለገለ ልብስ ሰብስቦ አገር ቤት፣ ቆላ ውስጥ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ ይልካል። እኔ ግሌንዴል ከተማ አዛውንት በማስታመም ሥራ የኖርኩ፣ የሚሹትን አስቀድሞ መጠየቅ የለመድኩ ነኝና፣ ልብሱ ይጠቅማቸው እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ጤና ጣቢያው ውስጥ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ጋ ደወልኩ።

«እማማ፣ በዚህ ሙቀት ወፍራም ኮት ማን ይለብሳል?» አለችኝ። «ያጣነው ጓንት ነው። እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን ነው የምናዋልደው።»

በስብሰባው ተነስቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ሴቶቹ የልብስ ካርቶናቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ያዳምጡኛል። ከመስጠታችን በፊት እንጠይቅ፣ ዘንድሮ ጓንት ብቻ እንላክ አልኩ። ሊቀመንበሯ ማይኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ሶ፣ እትዬ፣ ድሃም እንደ ሬስቶራንት ኦርደር ሊያደርግ ነው? ደሞስ ጓንት ፎቶ ላይ ምን ያምራል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከሳቁት ግማሾቹ እንደኔው አስታማሚ ናቸው፤ ያለ ጓንት በሽተኛ አይነኩም። እስከዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ኮቱም ተጭኖ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩን ትቻለሁ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሳገኝ ሻንጣው ውስጥ ጓንት አስይዘዋለሁ፤ ነርሷ ትቀበላለች። ባለፈው ሳምንትም ልኬአለሁ።