ስምንተኛው ክፍል

ከመምህርነት በጡረታ ስወጣ ዲላ ግቢዬ ውስጥ ስምንት የኪራይ ክፍሎች ሠራሁ። ተከራዮቼ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ናቸው። ኪራይ መክፈል ከቸገራቸው ሰንብቷል፤ እኔም ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። መንግሥት የእንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ኪራይ ሊደጉም ነው፣ ባለቤቱ ያመልክት ሲባል ማመልከቻ አስገባሁ። ያልተመዘገበ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ድጎማ ስለማያገኝ መውጣቱ ነው።

ክፍሎቹን አይተው የሚመዘግቡትን የመንግሥት ገምጋሚዎች ስንጠብቅ የባለቤቴ ወንድም ከዱመርሶ በአይሱዙ መጣ። የጫነው ቡና ገና በደንብ አልደረቀም፣ ዝናቡም ፋታ አልሰጠውም። ቡና ዝናብ ሲመታው እያዩ በር መዝጋት በዚህ አገር ነውር ነው። ወለሉ ሊሾ የሆነው ደግሞ ስምንተኛው ክፍል ብቻ ነበር። እዚያ የምትኖረውን ባሏ የሞተባትን የሁለት ልጆች እናት፣ «ለሁለት ቀን ነው» ብዬ ለመንኳት። ዕቃዋን ሸክፋ ልጆቿን ይዛ ጎረቤት ገባች።

ሁለቱ ቀን አምስት ሆነ። በአምስተኛው ቀን ገምጋሚዎቹ ሜትራቸውን ይዘው ከች አሉ።

«ይሄማ መጋዘን ነው» አለ አንደኛው፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተሰጣውን ቡና እያየ።

«ሰው ይኖርበታል!»

«የታል አልጋው? የታል ድስቱ?»

ሴትየዋ ሮጣ ፍራሿን ከጎረቤት እየጎተተች አመጣች። «ቤቱ የኔ ነው! ቡናው እንግዳ ነው!» አለች።

ሰውየው እኔን ወደ በረንዳው ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ ያየሁትን ነው የምጽፈው። በሰባቱ ይፈርሙ፤ አለበለዚያ ፋይሉ እንዳለ ይመለሳል» አለኝ።

ተማሪ በምቆጣበት ድምፅ ጮህኩበት። እሱ እስክጨርስ እስክሪብቶውን እንደዘረጋ ጠበቀኝ። የሰባቱ ክፍል ሰዎች በየበራቸው ቆመው እጄን ያያሉ። የዘመዴን ቡና ዝናብ ላይ አውጥቼ መጣል ነበረብኝ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ፤ በማሰቤም አፈርኩ። ፈረምኩ።

ሰዎቹን ከሸኘሁ በኋላ ክፍሏ እንዳልተመዘገበ ለሴትየዋ ወዲያው ልነግራት አልቻልኩም፤ ግቢውን ሁለቴ ዞርኩት። በመጨረሻ ስምንተኛው ክፍል በር ላይ ደረስኩ። ተንበርክካ ቡናውን በእጇ ታገላብጣለች።

ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ አያስቡ» አለችኝ፤ «አልሻገተም። ነገ ፀሐይ ከወጣ እናወጣዋለን፤ እኔም ቤቴ እገባለሁ።»