አባቴን ያበረታው እንጉዳይ

በንጉሡ ዘመን ዱመርሶ በምትባል መንደር ስንኖር አባቴ ሳል ይዞት ጉልበት አጣ። እናቴ ከበሰበሰ ግንድ ላይ እንጉዳይ ለቅማ፣ ከምድጃው በላይ አድርቃና ወቅጣ፣ በየማለዳው በሙቅ ውሃ ታጠጣው ጀመር። ደከመኝ ባለ ቀን አንድ ኩባያ ትጨምርለታለች። እንደ ሬት ይመራል።

ሳምንታት ሲያልፉ «ደከመኝ» ማለቱን ተወ፤ ቡና ለቀማም ወጣ። ሐኪም ቤት የመውሰዱ ነገር በዚያው ቀረ። ጎረቤቶች ስለ መድኃኒቱ ሲጠይቁ አፌን ሞልቼ የማስረዳው እኔ ነበርኩ። ሞኝነቴ ዛሬም ያናድደኛል።

ደም ሲተፋ በቃሬዛ ወደ ዲላ ተሸከምነው። ከዚያ አልተመለሰም። መንገድ ላይ ግን ጠይቄው ነበር።

«አባዬ፣ እየደከመህ ለምን አልነገርከንም?»

«ደከመኝ ባልኩ ቁጥር ያንን መራራ ትጨምሩብኛላችሁ» አለኝ።