መቀስ የተባለው ጫጩት

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። «ነበረች» የተባለችበት አንድ ዓመት አለ፤ የማወራችሁ ያ ዓመት እንዴት እንዳለቀ ነው። እኔ ታናሿ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስልክ ሳገናኝ የኖርኩ ሰው ነኝና አፌ አያርፍም፤ ታገሡኝ።

እህቴ አርባ ዓመት ከሰፋች በኋላ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቀን የደንበኛ ጨርቅ ስትቆርጥ መቀሱ ከመስመሩ ወጣና የቀሚሱን ደረት ሰነጠቀው። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «አይዞሽ፣ ዕድሜ ነው» ብላት ሄደች። ብትቆጣ ይሻል ነበር። እህቴ በዚያው ቀን ሱቋን ዘጋች፤ መቀሷን ቤት ባለው የስፌት ጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ ወዲያ «እጄ ከድቶኛል» እያለች መርፌ አልነካም አለች።

ሱቁ በተዘጋ በሳምንቱ የእኔ ቀሚስ ጠርዙ ተተረተረ። ምን ቆርጦኝ እጠይቃታለሁ? በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩትና ዝም አልኩ።

ልጇ እናቷ በመስኮት ስታይ መዋሏ አሳስቧት፣ ዓመቱ ሊሞላ ሲቃረብ አሥራ ሁለት ጫጩት በካርቶን ይዛ መጣች። ከተፈለፈሉ ገና አንድ ቀናቸው ነው። እኔም እህቴም ዶሮ የምናውቀው ድስት ውስጥ ነው። ቢሆንም እህቴ ሻጩ የሰጠውን ወረቀት መነጽሯን አድርጋ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ማሞቂያ የሚሆን አምፖል ከካርቶኑ በላይ አንጠለጠለች፤ ጫጩቶቹ ተጠጋግተው ሲጮሁ በርዷቸዋል ብላ ታወርደዋለች፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲያለከልኩ ሞቋቸዋል ብላ ትሰቅለዋለች። ውኃው ውስጥ ሰጥመው እንዳይሞቱ ሳህኑ ላይ ጠጠር ደረደረች። ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮቱን ረሳችው። ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልሰማ አለች። ወረቀቱ ሰጋቱራ አንጥፉ ይላል። «እኔ አርባ ዓመት ብናኝ ስጠርግ ኖሬ፣ ቤቴ ውስጥ ሰጋቱራ አላስገባም» አለችና ልብስ የምትነድፍበትን ለስላሳ ወረቀት አወጣች። መቀስ ስለማትነካ በማስመሪያ ቀደደችው። በየጥዋቱ ትቀይረዋለች፤ የሆስፒታል አልጋ እንኳ እንደዚያ አይነጠፍም።

በሦስተኛው ቀን አንደኛው ጫጩት አልቆም አለ። እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፍተው በሆዱ ተኝቷል፤ የተከፈተ መቀስ ነው የሚመስለው። ስሙም በዚያው መቀስ ሆነ። ሌሎቹ እየረገጡት ውኃ ይጠጣሉ፤ እሱ ይጮኻል። አንጀቴን በላው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ የእኛው ከእንቁላሉ ወጥቶም አልሄድ አለ።

ስልክ የእኔ ሥራ ነው፤ ለሻጩ ደወልኩለት።

«እናቴ፣ ከሥሩ ምን አነጠፋችሁለት?» አለኝ።

«ወረቀት። ንጹሕ ወረቀት።»

«እሱ ነዋ። እያዳለጠው እግሩ ተከፈተ። ሻካራ ጨርቅ አንጥፉለት፤ ሁለቱን እግሮቹን መቆም በሚችልበት ስፋት በለስላሳ ላስቲክ እሰሩለት። ዛሬውኑ ይሁን። ከዘገየ እንደዚያው ይጸናል፤ ያኔ አይተርፍም።»

እህቴ አጠገቤ ቆማ ሰምታለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ቀስ ብላ። «እጄ የነካው ሁሉ እንዲህ ነው።»

ተናደድኩ። አልዋሽም፣ በጣም ተናደድኩ። «አልሞተም እኮ» አልኳትና ላስቲክ ፈልጌ ራሴ ልሰረው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያሰርኩት ወለቀ። ሁለተኛው ጠበቀና ጫጩቱ አለቀሰ።

«ተይው፣ ትሰብሪዋለሽ» አለች እህቴ።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው። እኔ ስልክ ነው የማገናኘው።»

«እጄን ታውቂዋለሽ። ብወጋውስ?»

«እዚህ ቤት ያለው እጅ ያንቺና የእኔ ነው። የእኔን አሁን አየሽው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ጫጩቱን አየችው። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች።

መሳቢያው ከቆየበት ብዛት አልከፈት ብሎ በጉልበቴ ደገፍኩላት። መቀሷን አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችው። ከድሮ የሕፃን ሱሪ ወገብ ላይ ቀጭን ላስቲክ ቆረጠች። እኔ ጫጩቱን በጨርቅ ይዤ፣ እሷ ሁለቱን ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ለእያንዳንዱ እግር አንዳንድ ቀለበት ሠራች፤ በመሃላቸው አጭር መሸጋገሪያ ተወች። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ትጠብቀዋለች፤ ጋብ ሲል ላስቲኩን አንድ ጊዜ በመርፌ ትወጋለች። ደግሞ ትጠብቃለች። «የኔ ጌታ፣ የኔ ቆንጆ፣ አሁን አለቀ» ትለዋለች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ብዬ ልስቅ ነበር፤ ግን ትንፋሼን ይዤ ነበርና አልሆነልኝም። አራት ስፌት ብቻ ነው። የዚያን ያህል ረጅም ልብስ ሰፍታ አታውቅም።

ወረቀቱን ጥላ ከቁርጥራጭ ከረጢቷ ሻካራ ጨርቅ አነጠፈች። መቀስ የመጀመሪያውን ቀን በአፍንጫው እየተደፋ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እሷ እየደገፈች ውኃ ታጠጣዋለች፣ እኔ ለሻጩ እየደወልኩ ወሬውን አደርሳለሁ፤ ሰውየው መጨረሻ ላይ ስልኬን ሲያይ «እንዴት ዋለ?» ብሎ ነበር የሚያነሳው።

በአራተኛው ቀን ላስቲኩን ራሷ ቆረጠችው። መቀስ ትንሽ አሰበ። ቆመ። ከዚያ ምንም ውለታ እንደሌለበት ሰው የወንድሙን ጀርባ ረግጦ ወደ ውኃው ሄደ።

እኔ በደስታ ካርቶኑ ሥር ቁጢጥ ብዬ ሳቅኩ። ቀና ስል እህቴ ቀሚሴን እያየች ነው።

«ይኼ መርፌ ቁልፍ ስንት ጊዜው ነው?»

«ዓመት ሊሞላው ነው።»

«አንቺ? ዓመት ሙሉ ዝም አልሽ?»

በሕይወቴ ያልተናገርኩት እሱን ብቻ ነው።

«አውልቂው» አለችኝ፤ መርፌዋን አንስታ ወደ ብርሃኑ ዞረች።

ፎጣ አገልድሜ ከጫጩቶቹ ጎን ተቀመጥኩ። እሷ ትጠብቃለች፣ ትወጋለች፣ ትጠብቃለች። እስክትጨርስ ምሳ ሰዓት አለፈ። ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ጠመም ይላል። ዛሬም የለበስኩት እሱን ነው።