መብራቱ ጠፋ፣ ኤርባጉስ?

ዛሬ ባለቤቴ ከመኪናችን ወርዳ በባጃጅ ወደ ቤት ተመለሰች። ከእኔ ጋር አልተጣላችም። የተጣላችው ከወንበሩ ጋር ነው።

ሰሞኑን የእሽቅድምድም ወንበሮች ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ነበር። (አሶሳ ውስጥ ከማን ጋር እንደምሽቀዳደም አትጠይቁኝ።)

ወንበሮቹ ልክ ገቡ። ችግሩ፣ በድሮው የጋቢና ወንበር ስፖንጅ ሥር ሰው መቀመጡን ለኤርባጉ የሚነግር ሴንሰር አለ። ወደ አዲሱ ስናዛውረው አልሠራም። ቀዩ የኤርባግ መብራት በርቶ ቀረ።

"መብራቱን ማጥፋት አይቻልም?" አልኩት መካኒካችንን ሐምዳንን።

"አምፑል ማውጣት ይቻላል። ግን ወላሂ ጥሩ አይደለም።"

"አውጣው" አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ባምባሲ እህቷ ጋ ልንሄድ ተነሣን። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ከቤት ትንሽ እንደራቅን ዳሽቦርዱን አየችና "ቀዩ መብራት ጠፋ! ተሠራ ማለት ነው?" አለችኝ።

መዋሸት አቃተኝ። "አምፑሉ ነው የወጣው።"

መኪናውን አስቁማኝ ሆዷን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። "ብንጋጭ፣ ኤርባጉ እኔና ልጁ መኖራችንን በምን ያውቃል?" አለችና ባጃጅ አስቆመች።

በቀጥታ ወደ ጋራዥ ነዳሁ።

ሐምዳን የድሮውን የጋቢና ወንበር ከነሴንሰሩ መለሰ፤ አምፑሉንም አስገባ፤ በመኪናው ኮምፒውተር የተመዘገበውን ስህተት በማሽን አጠፋ። ሞተሩን ሳስነሣ ቀዩ መብራት በራ፣ ከዚያም በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ኤርባጉ ደህና ነው ማለት ነው።

ባለቤቴን ከቤት ወስጃት አሁን ባምባሲ ደርሰናል። እሷ መንገዱን ሙሉ ተኝታ መጣች። እኔን ግን በሾፌሩ በኩል የቀረው የእሽቅድምድም ወንበር ወገቤን ቆርጦኛል፤ ለማን አቤት እላለሁ?

እናንተስ መኪናችንን እናሳምር ብላችሁ ምን ገጠማችሁ? ብቻዬን እንዳልሆንኩ ንገሩኝ።